ከናፍቆት በስተቀር

ባለፈው ዓመት በውጭ አገር የምንኖር ኢትዮጵያውያንን ጽሑፎች በአንድ መድበል ሰብስበው ሊያሳትሙ የተነሡ ሰዎች አንድ ሥራ እንድልክላቸው ጠየቁኝ። ደስ አለኝ። ኖርዌይ፣ በርገን ከተማ፣ በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ስላሳለፍኩት አንድ ጠዋት ስድስት ገጽ ጽፌ ላክሁላቸው። ጽሑፉ ውስጥ ብዙ ነገር የለም። አንዲት ዘጠና ዓመት ያለፋት ሴት አጥባለሁ፤ ፀጉሯን አበጥራለሁ፤ ስሜን ትጠይቀኛለች፤ እነግራታለሁ፤ ትረሳዋለች፤ ደግማ ትጠይቀኛለች። ዕረፍት ሰዓት ላይ ወጥቼ ደረጃው ሥር ቆሜ አለቅሳለሁ። ለምን እንደማለቅስ አላውቅም። ሲበቃኝ ፊቴን ታጥቤ ወደሚቀጥለው ክፍል እገባለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው።

መልሱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ትሕትና አልጎደለውም። «አማርኛሽ ያምራል፤ ግን ናፍቆት የለውም። አገር ቤትን ትንሽ ብታስገቢበት፤ እናት፣ ቡና፣ የክረምት ዝናብ፣ እንዲህ ያለውን። አንባቢ የሚፈልገው እሱን ነው። ልቅሶውም ምክንያቱ ቢታወቅ ጥሩ ነው» ይላል።

በሰዎቹ ላይ ቂም የለኝም። የሁላችንንም ልማድ ነው የነገሩኝ። ግን «ምክንያቱ ቢታወቅ» የምትለዋን ደጋግሜ አነበብኳት። ምክንያቱ ናፍቆት ቢሆን ኖሮ እኮ ልቅሶዬ ያልፍ ነበር! እናቴ ትዝ ብላኝ ባለቅስ፣ የእጣን ጢስ ውል ብሎኝ ባለቅስ፣ መድበሉ ውስጥ ቦታ ነበረኝ። በወገብ ሕመም፣ በጨለማ፣ ስሜን በየአምስት ደቂቃው ከሚረሳ ሰው ጋር ውዬ በማደር ባለቅስ ግን እሱ ሥነ ጽሑፍ አይደለም፤ ገመና ነው።

ደብዳቤ የምንጻጻፍበትን ዘመን የደረሳችሁበት ታስታውሳላችሁ። «ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።» ይህችን መግቢያ ያልጻፈ ማን አለ? እኔ ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ለጎረቤት ሁሉ ጽፌያታለሁ፤ ከሐዘን ደብዳቤ በፊት እንኳን ትገባ ነበር። እስቲ ልብ በሏት። አንዲት ሕመም ብቻ ነው የምትፈቅደው። መራብ፣ መታመም፣ መዋረድ፣ ማበድ፣ ይህ ሁሉ «ደህና ነኝ» ውስጥ ይታሸጋል። ከውጭ የሚቀረው ናፍቆት ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ለተቀባዩ ሙገሳ ስለሆነ ነው የተፈቀደው።

የኔ ክስ ይህ ነው፦ በውጭ አገር ሆነን በአማርኛ የምንጽፈው አብዛኛው ነገር ከዚህች ደብዳቤ መግቢያ ወጥቶ አያውቅም። በግጥም ምሽቱ፣ በቴሌግራሙ፣ በየበዓሉ መጽሔት ላይ የምናነበው ሁሉ «ከናፍቆትሽ በስተቀር» ነው፤ አገሪቱ «አንቺ» ሆነች እንጂ አልተለወጠም። የቤት ኪራይ የለም። የሌሊት ፈረቃ የለም። የመኖሪያ ፈቃድ ማደሻ ወረፋ የለም። ልጁ በማያውቀው ቋንቋ ሲቆጣው አፉን ከፍቶ የቀረ አባት የለም። ሁሌም ነጠላ የለበሰች እናት አለች፣ ሁሌም ረከቦት አለ፣ ሁሌም ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ አለ። (በርገን በዓመት ከ200 ቀን በላይ ይዘንባል። እዚያ ተቀምጦ የአዲስ አበባን ዝናብ ብቻ መጻፍ ራሱን የቻለ ችሎታ ይጠይቃል።)

ይህን ስል ሰው ናፍቆቱን ይካድ ማለቴ አይደለም። እኔም ይናፍቀኛል። የምለው ናፍቆት መሸሸጊያ ሆኗል ነው። ሸሽገን ደግሞ እየታመምን ነው።

ስለ መሸሸግ ከብዙ ሰው በፊት ነው የተማርኩት፤ ያደግኩት ዘነበወርቅ ነዋ።

ለማታውቁት፦ ዘነበወርቅ ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና ስትሄዱ የምታገኙት ሰፈር ነው። ስሙ የመጣው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ፣ በወጣትነቷ ከሞተችው ከልዕልት ዘነበወርቅ ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት፣ ያኔ ከከተማው ውጭ በነበረው በዚህ ቦታ፣ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተሠራው ሆስፒታል በስሟ ተጠራ። በ1958 ዓ.ም. እዚያው አለርት ተቋቋመ። ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎ፣ ከሸዋ በእግርም በጭነት መኪናም የመጣ ሕመምተኛ ታክሞ ሲያበቃ የትውልድ ቀዬው መልሶ አይቀበለውም ነበር። ሚስት ታገባለች፣ መሬት ይከፋፈላል፣ የሞተ ያህል ይቆጠራል። ስለዚህ ከግቢው አጥር ሥር ጎጆ ቀለሰ። ጎረቤቱም እንደሱ ያለ ሰው ነበር። ተጋቡ፣ ወለዱ፣ ዕድር አቋቋሙ፣ ሴቶቹ በጎደለ ጣት ጥልፍ ጠለፉ። በገዛ አገሩ ባይተዋር የሆነ ሰው ያቆመው ሰፈር ነው። ስለ ስደት ሲወራ አብዛኛው ሰው ቦሌ አየር ማረፊያን ያስባል፤ እኔ የማስበው እናቴ ከደብረ ማርቆስ ወዲህ ፊቷን ሸፍና የተሳፈረችበትን የእህል መኪና ነው።

እናቴ ድናለች። ከጣቶቿ ግማሾቹ የሉም፤ በሽታው ግን ከሄደ ዘመን የለውም። መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል፣ በወራት ያድናል፤ የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ለሌላ አያስተላልፍም። ይህን ሁሉ ሰፈሩ ያውቃል። ከሰፈሩ ውጭ ያለው ሰው ነው የማያውቀው። ስለዚህ «ሰፈርሽ የት ነው?» ስባል «አየር ጤና» እል ነበር። ታክሲ ውስጥ «ዘነበወርቅ ወራጅ» ማለት ስላሳፈረኝ አንድ ፌርማታ አልፌ ወርጄ በእግሬ እመለስ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ስገባ የክፍል ጓደኞቼ አንድም ቀን ቤቴ መጥተው አያውቁም። «እናትሽ እንዴት ናቸው?» ሲሉኝ «ደህና ናት»። እውነትም ደህና ነበረች። ያልተናገርኩት ሌላውን ሁሉ ነው።

ከዚያ በ2004 ዓ.ም. ሄድኩ፤ የደረስኩትም በርገን ነው። አሁን የምነግራችሁን ልብ ወለድ ላይ ባነበው ጸሐፊውን እታዘበው ነበር። ትምህርት ቤት ስመላለስ በየቀኑ የማልፈው አጥር ላይ «አርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም» የሚል ጽሑፍ ነበር። አለርት ግቢ ውስጥ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1970 በኖርዌይና በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመው ነው። ሃንሰን ማለት ገንዘብ የሰጠ አንድ ፈረንጅ ይመስለኝ ነበር። በርገን በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳልርቅ ከዝናብ ለመጠለል አንድ አሮጌ የእንጨት ሕንፃ በር ላይ ቆምኩ። የቅዱስ ዮርገን ሆስፒታል ነበር፤ ዮርገን የኛው ጊዮርጊስ ነው። ከአምስት መቶ ዓመት በላይ የሥጋ ደዌ ሕሙማን የኖሩበት ቤት፣ አሁን ሙዚየም ሆኗል። ለካ ሃንሰን ባሲለሱን እ.ኤ.አ. በ1873 ያገኘው እዚሁ በርገን ነው። ከአየር ጤና አንድ ፌርማታ ለመደበቅ ስንት ዓመት ታግዬ፣ ሄጄ ሄጄ የወደቅኩት የሰፈሬ በሽታ ስም በወጣበት ከተማ ነው።

ሙዚየሙ ውስጥ ትናንሽ የመኝታ ክፍሎች አሉ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሕሙማን የሞቱት እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። ኖርዌጂያውያን እ.ኤ.አ. ከ1856 ጀምሮ እያንዳንዱን ሕመምተኛ በብሔራዊ መዝገብ ይጽፉ ነበር፤ የበርገን የሥጋ ደዌ መዛግብት ዛሬ በዩኔስኮ የዓለም ትውስታ መዝገብ ውስጥ ናቸው። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ያ ታላቅ ሐኪም ሃንሰን አንዲትን ሕመምተኛ ሴት ሳያስፈቅድ፣ በሽታው ይተላለፍ እንደሆነ ለማየት ዓይኗን በመርፌ ወግቶ እ.ኤ.አ. በ1880 ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ ተፈርዶበት ከሆስፒታል ሥራው ተነሣ። ሴትዮዋ ስትጠየቅ «ደህና ነኝ» አላለችም ማለት ነው። የደረሰባትን ተናገረች፤ ተጻፈላት። እኔ ግን ያን ቀን ወደ ቤት ተመልሼ ለእናቴ ስደውል ስለ ሙዚየሙ አንድ ቃል አልነገርኳትም። «ዝናብ ነው፣ ደህና ነኝ» አልኳት።

አሁን ወደ ጤናው ነገር ልምጣ። በአራተኛው ክረምት ላይ ከአልጋ መነሣት አቃተኝ። ኅዳር ላይ በርገን ማታ የሚሆነው ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው፤ ጠዋቱም ጠዋት አይደለም። ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሟ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ፦ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ተስፋ መቁረጥ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ራስን መጥላት፣ ከዜሮ እስከ ሦስት ሙሊ። ሁሉንም ዜሮ ሞላሁ። ሴትዮዋ ወረቀቱን አየችና «ታዲያ ለምን መጣሽ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እጄ በራሱ ነው የጻፈው። ኖርዌጂያውያንም እንደኛው «እንዴት ነሽ» ሲባሉ «ባረ ብራ» ይላሉ፤ ደህና ብቻ ነኝ እንደማለት ነው። ግን እነሱ ቢያንስ ወረቀት ፊት ሲቀመጡ እውነቱን ይሞላሉ።

በዚህ ነገር ላይ አንድ የምጠላው ክርክር አለ፤ «ድብርት የፈረንጅ በሽታ ነው፤ አማርኛ እንኳን የለውም» የሚለው። አማርኛ የለውም? ከፋኝ፣ ሆዴ ባባ፣ ሆድ ባሰኝ፣ ደበረኝ፣ ጨነቀኝ፣ ቀፈፈኝ፣ መንፈሴ ታወከ፣ ዓለም አስጠላኝ፣ አንጀቴ አረረ። ከዚህ በላይ ምን ቋንቋ ትፈልጋላችሁ? የጎደለን ቃል አይደለም። ቃሉን ከራሳችን ስም ጋር በአንድ አረፍተ ነገር፣ በአሁን ጊዜ የመጻፍ ድፍረት ነው የጎደለን። ከዘፈን ውስጥ ሲመጣ አብረን እንወዛወዝበታለን፤ ከጎረቤት አፍ ሲመጣ «ተይ ጸልይ» እንላለን።

መሸሸጉ ደግሞ በአንድ ወገን ብቻ አይደለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ተናደ። ቆሼ ማለት የከተማው ቆሻሻ ተራራ ነው፤ ከኛ ቤት በእግር ይደረስበታል፤ ልጆች ሆነን ጭሱን እያሸተትን ነው የተኛነው። ከ110 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። እኔ ዜናውን ያየሁት መጦሪያው ውስጥ፣ እራት እያበላሁ፣ በስልክ ነው። ደወልኩ። እናቴ «ደህና ነን፣ እኛ ጋ አልደረሰም፣ አንቺ ብቻ አታስቢ» አለችኝ። ወር ሙሉ በደወልኩ ቁጥር ይኸው ነበር። በሰኔ ነው በሰው በሰው የሰማሁት፤ ሕፃን ሳለሁ እናቴ ሆስፒታል ስትተኛ ጡቷን ያጠባችኝ ሴት ከነልጅ ልጇ እዚያ ቀርታለች። ሦስት ወር «እነ እንትና እንዴት ናቸው?» ስል «ደህና ናቸው» ስትለኝ ከርማለች።

በዚያ ሳምንት ፌስቡክ በግጥም ተጥለቀለቀ። አንዳንዱ ከልብ ነበር። ግን ግጥሞቹ ውስጥ ቆሼ የድኅነት ምልክት ነው፣ አገር ናት የምትናደው፣ እናት ናት የምታለቅሰው። ከተጫነ መኪና ላይ ፕላስቲክ የሚለቅም ሰው ጠዋት ምን እንደሚበላ የሚያውቅ ግጥም አላየሁም። እኔም አልጻፍኩም። ላውቀው የሚገባኝ እኔ ነበርኩ፤ ሰፈሬን ደብቄ ስለኖርኩ ብዕሬ የሚነሣበት ቦታ አልነበረውም።

ሌላም ልጨምር፤ ከዚህ በኋላ ስለ ሞት አላወራም። እዚያው ኖርዌይ፣ በሌላ ከተማ፣ አንድ የማውቀው ሰው ነበር። ሌሊት ሕንፃ ያጸዳ ነበር፤ ቀን ይጽፋል። የሚጽፈው ስለ ጣና ነው። ቆንጆ ነበሩ፣ አልዋሽም። በየሁለት ሳምንቱ «እንዴት ነሽ» «ደህና፣ አንተስ» «ተመስገን» እንባባል ነበር። ቤቱ ውስጥ ሞቶ የተገኘው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። አስከሬኑን ወደ አገር ቤት ለመላክ የሚያስፈልገው ገንዘብ በሁለት ቀን ተዋጣ፤ ተርፎም ለእናቱ ተላከ። በዚህ ማንም አይችለንም። በስንብቱ ቀን ስለ ጣና የጻፋቸው ተነበቡ፣ ሰው ሁሉ አለቀሰ። ሌሊት ሌሊት ብቻውን ስላጸዳቸው ባዶ ቢሮዎች የጻፈው ነገር ካለ ማንም አላገኘም። በምን እንደሞተም ጮክ ብሎ የጠየቀ የለም። የመጨረሻ መልእክቱ ስልኬ ላይ አለ፤ «አለሁ፣ ደህና ነኝ» ይላል። እኔም «ተመስገን» ብዬ መልሻለሁ።

መልስ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ፤ ተሰጥቶኛልም። የመጀመሪያው መልስ እናት ናት። «የሷን ደም ግፊት ልጨምር? ከሩቅ ምንም ላታደርግ?» ይህ ከባድ ነው፤ በፌዝ አላልፈውም። ግን ለእናት የሚነገርና ለአንባቢ የሚጻፍ ነገር አንድ መሆን አለበት ያለው ማን ነው? እናቴን ልጠብቃት እችላለሁ። አንባቢን የመጠበቅ ግዴታ የለብኝም። እኛ ግን ሁሉንም አንባቢ እናታችን አድርገነዋል።

ሁለተኛው መልስ ንጽጽር ነው፦ «ቤይሩት ያለችው እህትሽ በረንዳ ላይ ታድራለች፣ ሪያድ ያለው ታስሯል፣ አንቺ ኖርዌይ ተቀምጠሽ ጨለማ በዛብኝ ትያለሽ?» እውነት ነው፤ አፍራለሁ። ግን ይህን የሚሉኝ ሰዎች የቤይሩቷንም ልጅ ገመናሽን ጻፊ አይሏትም። እሷን ጊዜው ሲደርስ የአሳዛኝ ዜና ፎቶ ያደርጓታል እንጂ። ንጽጽሩ የታችኛውን ሊያናግር ሳይሆን የላይኛውን ዝም ሊያሰኝ ነው የሚመጣው። የሷ ጠዋት፣ የእመቤቷ ቁልፍ፣ የወር ደሞዟ፣ ስልኳን የደበቀችበት ቦታ፣ በራሷ አማርኛ ተጽፎ ባነበው የመድበሉን ግጥም ሁሉ እሰጥ ነበር።

ነገሩ የቆየ ነው። የአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የታተመው በሰው አገር ነው፤ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ኋላ «ጦቢያ» የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም። ጣሊያን አገር ኖሮ፣ የጣሊያን ሚስት አግብቶ፣ አማርኛ እያስተማረ የጻፈው ግን ስለ ጥንት ጦርነትና የወንድ ልብስ ስለለበሰች ልጅ ነው። የፈለገውን የመጻፍ መብቱ ነው፤ መጽሐፉንም እወደዋለሁ። ብቻ አንዳንዴ፣ ኔፕልስ ውስጥ አንድ አበሻ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ ሰዉ እንዴት ያየው እንደነበር ሁለት ገጽ ቢተውልን ኖሮ እላለሁ። ገብረ ክርስቶስ ደስታንም አስቡት። ኮሎኝ የተማረ፣ በሥዕሉ ያናወጠን ሰው፤ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ፣ ኦክላሆማ፣ ላውተን በምትባል ከተማ ሞተ። በስደተኛ ዝግጅት ሁሉ ላይ «ሀገሬ» ይነበባል፤ እኔ ራሴ በቃሌ እለዋለሁ። «ላውተን ውስጥ እንዴት ይኖር ነበር?» ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አንድም ቀን አልገጠመኝም።

በእንግሊዝኛ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። አዲስ አበባ ተወልዶ በሕፃንነቱ አሜሪካ የሄደው ዲናው መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ልብ ወለድ ዋና ሰውዬው ዋሽንግተን ውስጥ ትንሽ ሱቅ ያለው ኢትዮጵያዊ ነው። ዕቃው አቧራ ይጠጣል፣ ገበያ የለም፣ ከኬንያዊና ከኮንጓዊ ጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ የአፍሪካን መፈንቅለ መንግሥታት እየቆጠረ ያመሻል። ያ ሰው ደህና አይደለም፤ መጽሐፉም ደህና ነው አይልም። ታዲያ የኛው ሰው ሱቅ ለፈረንጅ በፈረንጅ ቋንቋ ሲነገር ሥነ ጽሑፍ ሆኖ፣ ለኛ በኛ ቋንቋ ሲነገር ገመና የሚሆንበት ምክንያት ምንድን ነው? የሚያፍረው አማርኛው ነው ወይስ እኛ?

ጽሑፍ መድኃኒት ነው እያልኩ አይደለም። ሐኪሟ ማስታወሻ ያዢ ብላኝ ነበር። ፔኔቤከር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ተማሪዎችን በቀን ለ15 ደቂቃ፣ ለአራት ተከታታይ ቀን፣ ስለ ከባድ ገጠመኛቸው አጽፎ እ.ኤ.አ. በ1986 ውጤቱን አሳተመ፤ የሆነውንም የተሰማቸውንም አብረው የጻፉት በኋላ ወደ ሐኪም የሄዱት ባነሰ ቁጥር ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተደግሟል፤ ጥቅሙም ሲመዘን ትንሽ ነው። እኔን የረዳኝ ኪኒን ነው፣ በሳምንት አንድ ቀን የማወራት ሴት ናት፣ የፈረቃ ለውጥ ነው። ይህንንም የምጽፈው ሆን ብዬ ነው፤ ኪኒን ዋጥኩ የሚል አማርኛ ማንበብ ለምዶብን አያውቅምና። ግን ሙከራው ውስጥ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የሚረዳው የሆነውን ነገር መጻፍ ነው። ስለ ሌላ ነገር አሳምሮ መጻፍ አይደለም።

ይህን የምጽፈው ዘነበወርቅ፣ እናቴ ቤት ተቀምጬ ነው፤ ለሁለት ወር መጥቻለሁ። ሰፈራችን የገብረ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የሕሙማን ቅዱስ ነውና ሰፈሩ የራሱ አድርጎታል። ጥቅምት 14 ሲነግሥ ልጅ ሆኜ ስንት ጊዜ ገድሉን ሰምቻለሁ። የንጉሥ ልጅ ነው። በሠርጉ ሌሊት ጥሎ ወጣ። በሰው አገር ለማኝ ሆነ፣ ደዌ ያዘው፣ ተመልሶ አባቱ ደጅ ወደቀ፤ ማንም አላወቀውም። ሊሞት ሲል ታሪኩን በክርታስ ጽፎ በእጁ ጨብጦ አረፈ። ወረቀቱን ከእጁ ወስደው ያነበቡት ከሞተ በኋላ ነው፤ አባት እናቱም ሚስቱም ያኔ አለቀሱ። ድሮ አብሬ አለቅስ ነበር። ዘንድሮ ቆሜ ሳዳምጥ ወረቀቱ አናደደኝ። ደጃቸው ላይ ነበር እኮ! ለቅዱስ ያምርበታል። እኛ ግን ቅዱሳን አይደለንም፤ ወረቀታችንን ከእጃችን ፈልቅቀው የሚያነቡት ስንሞት መሆን የለበትም።

ባለፈው እሑድ ናፍቆት የለውም የተባለውን ጽሑፍ ለእናቴ አነበብኩላት። ፈርቼ ነበር። ደረጃው ሥር የማለቅስበት ላይ ስደርስ ድምፄ ቀነሰ፤ እሷ ግን የያዛት ሌላ ነው። «ሴትዮዋን በሙቅ ውሃ ነው የምታጥቢያት?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ጣቶቿ መሀልስ? እዚያ ነው የሚረሳው።» ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ እኔ ሳልጠይቃት ስለ ደብዳቤ ነገረችኝ። አለርት በገባች ዓመት ለእናቷ ደብዳቤ ታስጽፍ ነበር። በር ላይ የሚቀመጥ ጸሐፊ ነበረ፤ ወረቀቶቹ ላይ መግቢያውን አስቀድሞ ጽፎ ነው የሚጠብቀው፤ «ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ» የሚለውን። ስምና ቀን ብቻ ነው የሚጨምረው። ያን ጊዜ የግራ እጇን ቆዳ ምድጃ በልቶት፣ ሳይሰማት፣ በፋሻ ጠቅልላው ነበር።

«ታዲያ ለምን እውነቱን አላስጻፍሽም?» አልኳት። ክርክሬ ሁሉ አፌ ላይ ነበር።

«ለማን? እናቴ ማንበብ መቼ ታውቃለች። የሚያነብላት ያ መሬታችንን የፈለገው ጎረቤት ነው። በሽታዬ ምን እንደሆነ ከሰማ እሷንም ከቤቷ ያስወጣታል» አለችኝ።

ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። ቡናው ሊፈላ ነበር። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ አዎ፣ ነጠላ ለብሳ ነበር፣ ወደ እኔ ዞረችና «አሁን የሚያነብብን ሰው የለም። እስቲ ከመጀመሪያው ድገሚልኝ፤ ሴትዮዋ ስምሽን የምትጠይቅሽ ላይ ቀስ ብለሽ» አለችኝ።